አሸናፊው ከጓሮ የሚወጣበት ቀን

ከሶዶ መናኸሪያ ወደ ቦዲቲ የሚሄድ ሚኒባስ ገና ባዶ ሳለ ገብቶ መቀመጥ ልማዴ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያስቸኩለኝ ነገር ስለሌለ፣ ረዳቱ «የቀረን አንድ ሰው ነው» እያለ ሲዋሽ መስማት ያዝናናኛል። ደግሞም ዕድሜውን ሙሉ ታሪክ ሲያስተምር የኖረ ሰው ክፍል ቢያጣ በሚኒባስ ውስጥም ማስተማሩን አይተውም። በዚያ የመጋቢት ጠዋት የበልጉ ዝናብ መናኸሪያውን አጨቅይቶት ነበር። ጫማዬን በረዳቱ ደረጃ ላይ ጠርጌ ስገባ፣ መስኮቱ ጥግ ተቀምጠው ያገኘኋቸው አቶ አንጁሎን ነው።

አቶ አንጁሎን የማውቃቸው በልጃቸው በቤኒ ምክንያት ነው። ቤኒ ተማሪዬ ነበር፤ ታሪክ ይወዳል፣ ዱላም ይወዳል። ወላጅ አምጣ በተባለ ቁጥር አባቱ ከቦዲቲ ወዲያ ካለው መንደራቸው ድረስ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊት ለፊቴ ይቀመጡ ነበር። በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ በመንደራቸው ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። አማርኛ ሲናገሩ ወንዱንና ሴቱን ያቀላቅላሉ፤ እኔ ደግሞ ወላይትኛ ስናገር ይስቁብኛል። ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋ እየተቀባበልን ያወራነውን እዚህ አስተካክዬ ጽፌዋለሁ። ቅር ካላቸው እሳቸውም የኔን ወላይትኛ ያስተካክሉ።

ጉልበታቸው ላይ ፌስታል ነበር። አፉ ክፍት ስለሆነ ውስጡ ይታያል፤ የኳስ ዳኛ የሚነፋው ዓይነት ፊሽካ፣ ከነማንጠልጠያ ገመዱ፣ ታጭቆበታል። በስተርጅና የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ ወይ ብዬ ቀለድኩባቸው። አልሳቁም።

የሳቸው መንደር ከታችኛው መንደር ጋር በግጦሽ መስክ ምክንያት እንደተጣላ በወሬ ሰምቼ ነበር። ዝርዝሩን የነገሩኝ ግን ያን ጠዋት ነው። ባለፈው ነሐሴ ጎረምሶቹ ተደባደቡ። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ ሰው የለም፤ የቆሰለው ግን ብዙ ነው፣ ከታችኛው መንደርም ቤቶች ተቃጠሉ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የላይኛው መንደር ልጆች በየጓሮው እየዞሩ እንሰቱን ቆረጡት። ቤት በአንድ በጋ ይሠራል። እንሰት ግን ከተተከለ በኋላ ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ የተቆረጠበት ቤተሰብ የዛሬውን ቆጮ ብቻ ሳይሆን ገና የሚመጡትን ዓመታት ነው ያጣው። ከዚያ ፖሊስ ገባ፣ ከሁለቱም ወገን የታሰረው ታሰረ። ሽማግሌዎችም ሕዝቡ ለዳኝነት በሚሰበሰብበት ሜዳ፣ በዱቡሻው ላይ ተቀምጠው መስኩን ለላይኛው መንደር ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ የአቶ አንጁሎ ወገን በታችኛው መንደር መንገድና ምንጭ ላይ ጠባቂ አቁሟል። ፊሽካው የጠባቂዎቹ ነው።

«ተመልሰው እንዳይነሡብን ነው» አሉኝ። «ማሸነፉስ ቀላል ነበር፣ መምህር። እንቅልፍ ያጣነው ካሸነፍን በኋላ ነው።»

ይህን ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ቆይተው ሲቀጥሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ታላቋ ልጃቸው ሽታዬ ከጠቡ ብዙ ዓመት በፊት ለታችኛው መንደር ሰው፣ ጦና ለሚባል ገበሬ ተድራለች። የሷም ጓሮ ተቆርጧል። በየዓመቱ ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ ልጆቿን አስከትላ አባቷ ቤት ትመጣ ነበር፤ ባለፈው መስከረም አልመጣችም። አሁን ደግሞ የሚበላ ስለጠፋ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ሥራ ፍለጋ ወደ ሐዋሳ ሊሄዱ ነው የሚል ወሬ ደርሷቸዋል። እንዲህ የሄደ ቤተሰብ እንደማይመለስ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

«እሷንና ልጆቿን ቤቴ አስገብቼ እቀልባለሁ ብዬ ላክሁባት» አሉ። «ጦና ግን እዚያው ይቆይ፤ ተሸንፏል፣ መሸነፉን ይወቀው። መልስ እንኳ አልሰጠችኝም። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ እስቲ ምከረኝ።»

ምከረኝ የተባለ መምህር አደገኛ ፍጡር ነው። ረዳቱ በሩን ዘግቶ መኪናው ሲንቀሳቀስ እኔ ጀርመን ገብቼ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀርመን ስትሸነፍ አሸናፊዎቹ ካሳ ክፈሉ ብለው እንዳጎበጧት፣ ካሳው ሲዘገይም ወታደር ልከው የከሰል ድንጋይ አገሯን እንደያዙባት ነገርኳቸው። የተዋረደ ሕዝብ ልጆቹን በቂም አሳደገ፤ ሃያ ዓመት ቢቆይ ነው፣ ከመጀመሪያው የባሰ እሳት ተነሣ። በሁለተኛው ጊዜ ግን አሸናፊዎቹ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ጥፋቱን የመሩትን ለይተው ፍርድ ቤት አቆሙ እንጂ ሕዝቡን በሙሉ አልቀጡም። በመርከብ እህል አስገቡ፣ ፋብሪካ እንዲቆም ገንዘብ አበደሩ፣ ጃፓን ውስጥ መሬት ለጭሰኛው እንዲከፋፈል አደረጉ። ትናንት በቦምብ ያነደዱትን ከተማ ዛሬ ሲያቃኑ ታዩ።

አቶ አንጁሎ ጆሮ የሚሰጡ ሰው ናቸው፤ ግን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለሆነ የተኙ ይመስላሉ። እንዳልተኙ ያወቅሁት በጥያቄያቸው ነው።

«ለጽድቅ ብለው ነው?»

«አይደለም። የተራበ ጎረቤት እንደሚያስፈራ አይተውታል። ሌላም ተቀናቃኝ ነበረባቸው፤ የወደቁትን እሱ ቀድሞ እንዳያነሣቸው ፈርተዋል።»

«እንዲህ ከሆነ ይገባኛል» አሉ። «ንጉሣቸውንስ?»

«የጃፓኑን በዙፋኑ ተዉላቸው።»

«ወታደሮቹስ ወጡ?»

እዚህ ላይ ነው ነገር ማበላሸት የጀመርኩት። እውነቱን ከነዝርዝሩ መናገር የሙያ በሽታዬ ነው። አስተዳደሩን ለባለቤቶቹ መለሱ፣ አንዳንድ የጦር ሰፈር ግን በስምምነት ዛሬም ድረስ አላቸው አልኩ። አቶ አንጁሎ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «እህ» ብለው፣ ፌስታሉን ወደ ሆዳቸው አስጠጉት። ምን እንደገባቸው በዚያን ጊዜ ልብ አላልኩም፤ እኔ ድሉን በእጄ ያስገባሁ መስሎኝ ነበር።

«እንግዲህ እርስዎም ለታችኛው መንደር እንደዚሁ ያድርጉ» አልኳቸው። «ልጅዎን ከባሏ ለይተው መመለስ አይችሉም። እሷን ማቆየት ከፈለጉ መንደሯን ማቆም አለብዎት።»

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቀየመኝ» አሉ። «የአንተ ቅድመ አያት ወደዚህ የመጣው ከአሸናፊው ጦር ጋር ነው አይደል? የተመራው መሬት እኮ ከኛ መንደር ማዶ ነበር። ያኔ የኛም እንሰት ተቆርጧል፤ አያቴ ይነግረኝ ነበር። ያ ጦር እንሰቱን መልሶ ተክሎልን ነበር?»

እኔ ገብረሥላሴ ተብዬ ሶዶ ተወልጄ፣ ሶዶ አርጅቼ፣ የአውሮፓን ወራሪ በየስሙ የምጠራ ሰው፣ ለዚህች ጥያቄ የተዘጋጀ ማስታወሻ አልነበረኝም። ቅድመ አያቴ መሬት እንደተመራ፣ የአገሩ ባለቤት ገባር እንደሆነለት ቤታችን ውስጥ በኩራት ሲነገር ነው ያደግሁት። አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ ባላደረግሁት ነገር በማፈሬ ተናደድኩ። የቱ ትክክል እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቅም።

«አልተከለም» አልኩ በመጨረሻ።

«አልተከለም። ታዲያ አልጠፋንም። የረዳን የለም፣ ግን ተነሥተናል። ጦናም እንደዚያው ይነሣ።»

መልስ የሌለው ክርክር መሰለኝ። መኪናው ቦዲቲ መግቢያ ላይ ባጃጆች መሃል ገብቶ እስኪቆም ድረስ ስፈልግ ቆየሁ፤ ያገኘሁት ክርክር ሳይሆን ጥያቄ ነበር።

«ተነሥታችኋል። ግን ረስታችኋል?»

አቶ አንጁሎ ፌስታላቸውን ይዘው ወረዱ። እኔም ወረድኩ። ባርኔጣቸውን ደፍተው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆመው ጠበቁኝና፣ «አልረሳንም» አሉኝ። ከዚያ ወደ ገበያው በኩል አቀኑ።

መቼም ሰው ራሱ ተበድሎ የሚያውቀውን ነገር ከመጽሐፍ የሰማውን ያህል ቶሎ አያነሣውም። አንዴ ካስታወሰው ግን ያ መካሪ ይበቃዋል። አቶ አንጁሎም ያን ቀን ቤታቸው ገብተው መንደራቸውን ሰበሰቡ፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። ዛሬ የምናደርገውን የታችኞቹ የልጅ ልጆች ያወሩታል፣ ምን ብለው እንደሚያወሩት እኛ ነን የምንወስነው ብለው ተከራከሩ። ብዙው ሰው አጉረመረመ፣ ግን እሺ አለ። ከየጓሮው የተመረጠ የእንሰት ችግኝ ተነቀለ፤ የአቶ አንጁሎ ራሳቸው የሚመኩበት ዘር ሳይቀር። ቤኒና ጓደኞቹ ተሸክመው ወርደው በታችኛው መንደር ጓሮ ሁሉ በገመድ እየለኩ ተከሉት።

ስልክ የተደወለልኝ ፋሲካ ሊገባ ሲል ነው። አቶ አንጁሎ በሰላምታ ጊዜ አላጠፉም። «መምህር፣ ትምህርትህ አልሠራም» አሉ። የተተከለው እንሰት በአንድ ሌሊት ተነቅሎ፣ መስኩ ዳር ተከምሮ ተገኝቷል። የላይኛው መንደር ሰው ውለታ የማያውቁ ብሎ ተቆጥቷል፤ ጎረምሶቹ ዳግመኛ ካልወረድን እያሉ ነው። ሽታዬም ዕቃዋን እያሰረች ነው ተብሏል። ና ቶሎ አሉኝ።

ቦዲቲ ደርሼ ባጃጅ ያዝኩ፤ ባጃጁ ጭቃው ያቆመው ቦታ ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። ክምሩን አየሁት። በንዴት የተጣለ ቢሆን ይገባኝ ነበር። ይህ ግን ሥሩ ወደ አንድ ወገን፣ ቅጠሉ ወደ አንድ ወገን ተደርጎ፣ እርጥብ ቅጠል ተሸፍኖበት፣ እንዳይደርቅ ተጠንቅቆለት ነው የተቀመጠው። የጠላ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ የወደደም አይነቅልም። ግራ ገባኝ።

ቤኒ አጠገቡ ቆሟል፤ ፊሽካው አንገቱ ላይ ነው። አሁን ጢም አውጥቷል፣ ትከሻው ግን ያው ነው።

«ቲቸር፣ ጃፓኖቹ የተሰጣቸውን ነቅለው ያውቃሉ?» አለኝ። እየቀለደ ይሆን ብዬ ፊቱን አየሁ፤ ከልቡ ነው የሚጠይቀኝ። ነቅለው እንደሆነ አላውቅም አልኩት። ጠባቂ አሁንም አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አለ አለኝ፤ ድሮ በመንገድና በምንጩ ላይ ብቻ የነበረው አሁን ችግኙ እንዳይነካ በየጓሮው ሆኗል። «እርስዎ ነዎት አሉ፣ ወታደሩ ዛሬም እዚያው ነው ያሉት። አባባ ነግሮናል።»

አንድ ሰው የተናገረው ነገር ሌላ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ምን ሆኖ እንደሚወጣ የሚያውቅ መምህር ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል። ሶዶ ሚኒባስ ላይ ያመለጠችኝ አንዲት ዝርዝር በሰው ጓሮ ዘብ ሆና ቆማለች። አቶ አንጁሎ መጥተው ከቤኒ ጋር ሦስታችን ወደ ሽታዬ ቤት ስንወርድ ምን እንደምናገር አላውቅም ነበር፤ አቶ አንጁሎም ጠየቁኝ፣ አላውቅም አልኳቸው።

ሽታዬ ደጃፍ ላይ ተቀበለችን። ቀጭን፣ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ አነጋገሯ የአባቷ ነው። በርጩማ አወጣችልን፣ ለእግር ውሃ አቀረበች፣ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ከበሩ ኋላ በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ዕቃ ይታያል። ጦና ከብት የሚያስሩበትን ግንድ ተደግፎ ከሩቅ ሰላምታ ሰጠን፣ አልቀረበም። ከቤቱ ጀርባ፣ ከተቆረጡት ጉቶዎች መሃል፣ አንድ የላይኛው መንደር ልጅ ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ባዶውን አፈር ይጠብቃል።

አቶ አንጁሎ ማን ነቀለው ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች። «ጀመርኩት፣ ጎረቤቶቼ ተከተሉኝ።»

«ምን በደልኩሽ? ከጓሮዬ የሚሻለውን ነቅዬ ነው የላክሁልሽ። ለእናትሽ እንኳ አላስነካትም ነበር።»

«መልካም ዘር ነው። ለዚህ ነው ሥሩን የሸፈንኩት።» አባቷን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱ። በተተከለ ማግስት ጎህ ሲቀድ አመድ ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንሰት የኛ የሴቶች ሥራ ነው፤ አመዱንም ፍጉንም የማፈስበት እኔ ነኝ፣ የትኛው ለየትኛው ቀን እንደሚነቀል የምለው እኔ ነኝ። ጎንበስ ስል ፊሽካ ተነፋብኝ። በራሴ ጓሮ። ልጆቼ ደንግጠው ወጡ። ጠባቂው ችግኙን እንዳትነኪ አለኝ።»

አቶ አንጁሎ ወደ ልጁ፣ ወደ ጠባቂው ተመለከቱ። ልጁ ፊሽካውን ከከንፈሩ አወረደ።

«ከብት እንዳይበላው ብለን ነው ያቆምነው» አሉ፤ ድምፃቸው የመከራከር ሳይሆን የማስረዳት ነበር።

«የማን ከብት? የኛማ መስክ ከሌለው ወዲህ ተሸጧል። ከብት ያላችሁ እናንተ ናችሁ።»

አቶ አንጁሎ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ያዩ ጀመር። ሽታዬ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይቀለን ነበር።

«የተከላችሁልኝ ሁሉ ዘግይቶ የሚደርስ፣ ግንዱ የሚያምር ዓይነት ነው» አለች። «ለአባባ ደጅ ያምራል። እኔ ቶሎ የሚደርሰውን ነበር የምፈልገው፤ የጠየቀኝ የለም። እሺ፣ ይሁን፤ የተሰጠኝን እተክላለሁ እንበል። ጠባቂው መቼ ይነሣል?»

«ችግኙ ሥር ሲይዝ» አሉ አቶ አንጁሎ። ትንሽ አሰቡና፣ «ወይም ሲደርስ» አሉ።

«ቀኑን አታውቀውም» አለች። «ቀኑን ካላወቅኸው ልትሄድ አላሰብክም ማለት ነው። እንሰቱ የኔ ከሆነ ማን ይነፋብኛል? ያንተ ከሆነ ደግሞ ጓሮውም ያንተ ሆኗል። በፊት በነሐሴ ያሸነፋችሁት መስኩን ነበር፤ አሁን ቤቴን አሸነፋችሁ። ሐዋሳ የምሄደው ለዚህ ነው እንጂ ረሃቡንስ ለምደነዋል።»

ቤኒ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። እኛ ጠባቂ ያቆምነው ለእናንተ ብለን ነው ሊል ይሆናል፤ ለኔም ቢሆን ይህንኑ ነበር ያለኝ። እህቱ አላስጨረሰችውም።

«ቤኒ የቆረጠውን ቤኒ ይጠብቅልኛል?»

የእህቱን ጓሮ የቆረጠው እሱ ራሱ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። አቶ አንጁሎም ያወቁ አልመሰለኝም፤ ወይም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ላለማወቅ ሲደክሙ ከርመዋል። አንገታቸውን ቀና አድርገው ልጃቸውን አዩት። ቤኒ አልካደም። ገመዱን ከአንገቱ አውጥቶ ፊሽካውን ኪሱ ከተተና ወደ ጉቶዎቹ ዞሮ ቆመ፤ እዚያው ቀረ።

ሽታዬ ያን ጊዜ ወደ እኔ ተመልሳ፣ ጃፓን አገር የነበሩት አሸናፊዎች መቼ ወጡ አለችኝ። ወሬው እሷም ዘንድ ደርሷል። ሰባት ዓመት ያህል ገዝተው አስተዳደሩን በውል መለሱ አልኩ። የቀሩት ወታደሮችስ ሰው ጓሮ ገብተው ፊሽካ ይነፋሉ ወይ አለች። በጦር ሰፈራቸው ናቸው፣ እንደዚያም ሆኖ አገሬው ዛሬም ውጡልን እያለ የሚያማርርበት ቦታ አለ አልኳት። የአገሬውን ማማረር ለአባቷ ነግሬያቸው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልነገርኳቸውም። እህሉንና ፋብሪካውን ሳወራ አሸናፊው ተሸናፊውን ምን እንደሰጠው ብቻ ነበር የቆጠርኩት፤ የተሰጠው ሰው በገዛ ደጁ ማን አዛዥ እንደሆነ መጠየቁን ረስቼዋለሁ። የቅድመ አያቴም ልጆች እኮ መንገድ ሠራን፣ ትምህርት ቤት ከፈትን ይሉ ነበር፤ ባለአገሩ ለምን እንዳላመሰገናቸው ሳይገባቸው ነው የሞቱት። ለኔም የገባኝ በዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው።

አቶ አንጁሎ ተነሡ። ከኋላ የቆመውን ልጅ ጠርተው ወደ ቤቱ እንዲሄድ አዘዙት። ከዚያ ለሽታዬ ሳይሆን ለጦና፣ በሩቁ ቆሞ ለነበረው ሰውዬ፣ «ነገ ሁሉም ይነሣሉ» አሉት። ጦና ከግንዱ ቀና ብሎ፣ «ከምንጩም?» አለ። «ከምንጩም» አሉ። ባልና ሚስቱ ተያዩ፤ ዕቃው ግን እንደታሰረ ነው።

በማግስቱ ዱቡሻው ላይ የተደረገውን ክርክር በሙሉ ብጽፍ ወረቀት አይበቃኝም። አቶ አንጁሎ ሦስት ነገር አሉ፤ ጠባቂ ከዛሬ ጀምሮ ይነሣ፣ መስኩን ሁለቱም መንደር ተራ ገብቶ ከብቱን ያሰማራበት፣ ወደ ታችኛው መንደር ጓሮ ከኛ ማንም አይግባ፤ ችግኝ የሚፈልግ ግን ወደኛ ጓሮ መጥቶ የወደደውን ራሱ መርጦ ይንቀል። በተለይ ይህ የመጨረሻው ሰው አስቆጣ። በፍርድ ያገኘነውን መስክ መልሰን፣ ደግሞ ጓሯችን ይግቡብን ወይ አሉ። ሌሎቹ ጠባቂው ከተነሣ ሌሊቱን ያቃጥሉናል አሉ።

«ስምንት ወር ጠበቅን» አሉ አቶ አንጁሎ። «በስምንት ወር ውስጥ ተኝቶ ያደረ ሰው ካለ ይናገር። የፈራነው እነሱን አይደለም፤ ያደረግነውን ነው። እኔ የልጅ ልጆቼ ስለኛ፣ እኛ ስለዚያ ጦር የምናወራውን እንዲያወሩ አልፈልግም።» ይህን ሲሉ ወደኔ አላዩም፤ እኔ ግን ሁሉም ያየኝ መሰለኝ።

እሺ ያላሉ አሉ። ጓሯቸውን የዘጉም አሉ፣ ዛሬም አልከፈቱም። ቢሆንም ጠባቂው ተነሣ፤ ማንም ማንንም አላቃጠለም። እንዲያውም የተጠቀመው ማን እንደሆነ ብንጠይቅ ከሁሉ በፊት አሸናፊው ነው። ጎረምሶቹ ሌሊት ሙሉ ቆመው ቀን ሲተኙ የነበሩት፣ አሁን የራሳቸውን ማሳ ለበልጉ ቆፍረው ጨረሱ። ወደ ቦዲቲ ገበያ የሚያቋርጠው የታችኛው መንገድ ስለተከፈተ የላይኛው መንደር ሴቶች በሸክም መዞራቸው ቀረ። ምንጩ ላይ ሴቶቹ እንደ ድሮው ማዶ ለማዶ ሰላምታ ጀመሩ፤ ሰላምታው አጭር ነው፣ ግን አለ። ወገኖቼ፣ ያሸነፋችሁትን ማንሣት ስትፈልጉ የምትሰጡትን ብቻ አታስቡ፤ ከደጁ የምትወጡበትንም ቀን ቁረጡ፣ ቀኑንም ለባለቤቱ ንገሩት። ቀኑ ያልተነገረ እርዳታ ተረጂውን ያስፈራዋል፤ ረጂውንም ጥሩ ሰው ነኝ እያለ ሰው ቤት ያስረጀዋል።

ከሳምንት በኋላ አቶ አንጁሎ ጓሮ ውስጥ አብሬያቸው ቆሜ ነበር። ሽታዬ ሐዋሳ ትሂድ አትሂድ እስከዚያች ቀን የሚያውቅ የለም። ዶማዋንና የገመድ ጥቅልሏን ይዛ ብቻዋን በጓሮው በር ገባች። ሰላምታ ሰጠችን። በእንሰቱ መሃል ቀስ ብላ እየሄደች ቅጠሉን በእጇ ትዳስሳለች፤ ቶሎ የሚደርሰውን ዓይነት መርጣ ነቀለች፣ ጨመረች። አባቷ በየእርምጃዋ ይከተሏታል፤ እጃቸው ወደ አንዱ ግንድ ይዘረጋል፣ መልሰው ይሰበስቡታል። በመጨረሻ ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ፣ ሳይነካ ከቀረው ከዚያ ከሚመኩበት ዘር ላይ ደረሰች። የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

«እሱ እንኳ...» አሉ አቶ አንጁሎ።

ሽታዬ ዶማውን አፈሩ ላይ እንዳደረገች ቀና አለች። «መጠየቅ አለብኝ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው ደፉ።

«የለብሽም» አሉ።

ነቀለችው። ሥሩን በቅጠል ጠቅልላ ከሌላው ጋር አሰረችው። እናቷ በሩ ላይ ወጥተው ቆመዋል፤ ግቢ እንጂ አሏት። ሽታዬ ሸክሟን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ቀድሜ ይህን ልትከል፣ ቤት ሌላ ቀን እገባለሁ አለች። አቶ አንጁሎ ራሳቸውን መግዛት አልቻሉም፤ «መቼ?» ብለው ጠየቁ።

«ቀኑን እነግርሃለሁ» አለች፤ ፈገግ ያለችም መሰለኝ። ጥቂት ሄደች፣ ከጓሮው በር ላይ ዞር አለች። «ለጊፋታ። ጦናን ይዤ።»

እንሰት የሚተክል ሰው ሐዋሳ አይሄድም። አቶ አንጁሎ ለጊፋታ አለች፣ ለጊፋታ አለች እያሉ እስከ ባጃጁ ሸኙኝ። አንዴ ይደሰታሉ፣ አንዴ ያ ዘር ለምን እንደተነሣባቸው ያስባሉ፤ ሁለቱ ፊታቸው ላይ ተቀላቅሏል። ባጃጁ ውስጥ ስገባ እጄን ያዙኝ።

«አንተም ለጊፋታ ትመጣለህ» አሉኝ።

በዓሉ የእናንተ ነው፣ ቤተሰብ የሚታረቅበት ነው፣ እኔ ምን አገባኝ አልኩ። እኔን በዚያ ማዕድ ማየት የማይወድ ሰው ይኖር ይሆናል ብዬም ተጨነቅሁ፤ ይህን ግን አልተናገርኩም።

«ጠርቼሃለሁ እኮ» አሉ አቶ አንጁሎ፣ እንደ ገረማቸው።

እውነታቸውን ነው። ቅድመ አያቴ መሬት ከተመራበት ዘመን ጀምሮ፣ በዚያ አገር ለበዓል ተጠርቶ የሚገባ ከዘሬ የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም።